ሰላሳ አንድ ባዶ ፕሮጀክት

አዳማ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፤ ነገ አዲስ አበባ በፕሮግራመርነት ሥራ የሚጀምረው ኪሩቤል ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ተቀምጧል፣ ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል፤ አስረኛ ክፍል የምትማረው እህቱ ምንታምር የአዲስ ፕሮጀክት መክፈቻ አስራ አንድ እርምጃዎችን በእጇ የጻፈችበትን ደብተር ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛለች።

ኪሩቤል፦ ደብተሩን ስጪኝ አልኩሽ!

ምንታምር፦ አልሰጥም አልኩህ! ጆሮህንም ሻንጣው ውስጥ ከተትከው እንዴ?

ኪሩቤል፦ ምንታ፣ አትቀልጂ። አለቃዬ ገና ሳልገባ የቤት ሥራ ሰጥቶኛል። አዲስ ፕሮጀክት በተከፈተ ቁጥር የቢሮው ልጆች ዝግጅቱ ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ያባክናሉ፣ መላ ፍጠርለት ብሎኛል። አስራ አንዱን እርምጃ ከደብተሩ ገልብጬ ስክሪፕት ላደርገው ነው።

ምንታምር፦ ስክሪፕት ሲሆን ምን ይሆናል?

ኪሩቤል፦ ጥቁሩ መስኮት ላይ የፕሮጀክቱን ስም እጽፋለሁ፣ ኢንተር እላለሁ፣ አለቀ። ፎልደሩን ይፈጥራል፣ መግለጫውን ይጽፋል፣ ኢንተርኔት ላይ ቦታ ይከፍትለታል፣ ይልከዋል። በአራት ሰከንድ!

ምንታምር፦ እኔስ?

ኪሩቤል፦ አንቺ ምን?

ምንታምር፦ እኔ ስንተኛው ሰከንድ ላይ ነኝ?

ኪሩቤል፦ አንቺማ ታርፊያለሽ። "ምንታ፣ ደብተሩን አምጪና አንብቢልኝ" እያልኩ ከፊልምሽ አላስነሳሽም።

ምንታምር፦ ማን ደከመኝ አለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገብህ ተጎልቼ "አንድ፣ ፎልደር ፍጠር፤ ሁለት፣ ውስጡ ግባ" ስል ነው የኖርኩት። "ሦስትን ዘለልክ፣ አንተ ደንቆሮ" የሚልህ ስክሪፕት አለ?

ኪሩቤል፦ የለም።

ምንታምር፦ እንዲያውም ልጠይቅህ። ትናንት ሻወር ስትገባ ላፕቶፕህን ከፈትኩት።

ኪሩቤል፦ ፓስወርዴን ከየት አመጣሽው?

ምንታምር፦ የእኔ ስምና የተወለድኩበት ዓመት ነው እኮ፣ አንተ ሀከር! ይልቅ ስማኝ። ፕሮጀክቶችህን ቆጠርኳቸው። አርባ ናቸው።

ኪሩቤል፦ ታታሪ ነኛ።

ምንታምር፦ ሰላሳ አንዱ ባዶ ናቸው።

ኪሩቤል፦ ባዶ ማለት?

ምንታምር፦ አንድ መስመር ኮድ የለባቸውም! አስራ አንዱን እርምጃ አስነብበኸኝ፣ ከፍተህ፣ ዘግተህ፣ ሁለተኛ አልነካሃቸውም። አንዱንማ "የጎመን ማስተዳደሪያ" ብለኸዋል። የምን ጎመን ነው የምታስተዳድረው?

ኪሩቤል፦ ስም አልቆብኝ ነው።

ምንታምር፦ ለምን ኪሩ?

ኪሩቤል፦ እማዬ ሥራዋ ወደ ጂንካ የተዛወረ ጊዜ ስንት ቀን እንዳላወራሽኝ ታውቂያለሽ?

ምንታምር፦ አልቆጠርኩም።

ኪሩቤል፦ እኔ ቆጥሬያለሁ። አስራ ዘጠኝ። ብዪ ስልሽ ትከሻሽን ትነቀንቂያለሽ፤ እንውጣ ስልሽ ግድግዳ ታያለሽ። ቢጨንቀኝ "ይቺን ዝርዝር አንብቢልኝ፣ እጄ አልፈታ ብሎኝ ነው" አልኩሽ። አነበብሽልኝ። ሦስተኛው ላይ ሆን ብዬ ስሳሳት ደግሞ ሰደብሽኝ።

ምንታምር፦ ደንቆሮ አልኩህ።

ኪሩቤል፦ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ስድብ የለም። ከዚያ ወዲህ ዝም ባልሽ ቁጥር አዲስ ፕሮጀክት እከፍታለሁ።

ምንታምር፦ እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ "ወንድሜ ያለ እኔ ኮምፒውተር አይነካም" እያልኩ ጉራዬን ስነዛ! እርምጃዎቹን ታውቃቸው ነበር ማለት ነው?

ኪሩቤል፦ በእንቅልፍ ልቤ እጽፋቸዋለሁ። ስክሪፕቱንም ትናንት ጨርሼዋለሁ።

ምንታምር፦ ታዲያ ደብተሩ ምን ያደርግልሃል?

ኪሩቤል፦ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ከአንድ ፍራሽ በቀር ምንም የለም። የማውቀውም ሰው የለም። ያንቺ የእጅ ጽሑፍ እንኳ ይኑርልኝ ብዬ ነው።

ምንታምር፦ እዚህስ ማን አለልኝ? አክስቴ አብራን ብትኖርም ከሥራ ፈረቃ ስትመለስ ድብን ብላ ትተኛለች፤ "እንዴት ዋልሽ" እንኳ የምትለኝ በህልሟ ነው።

ኪሩቤል፦ አውቃለሁ።

ምንታምር፦ ስለዚህ አልሰጥህም። ይልቅ አስራ አንደኛውን ከስክሪፕቱ አውጣው።

ኪሩቤል፦ አስራ አንደኛው እኮ መላኩ ነው። እሱ ከሌለ ሥራው የትም አይደርስም።

ምንታምር፦ አይድረስ! አስር ላይ ሲደርስ ይቁምና አስራ አንደኛውን ከደብተሩ የሚያነብለት ሰው ይጠይቅ።

ኪሩቤል፦ አለቃዬ ይስቅብኛል።

ምንታምር፦ ለአለቃህ ሳይቆም የሚሮጠውን ስጠው። የሚቆመው ላንተ ብቻ ነው። ጻፍ፣ እየጠበቅኩህ ነው።

ኪሩቤል፦ እሺ... ጻፍኩ።

ምንታምር፦ ምን ይላል? አንብበው።

ኪሩቤል፦ "ደብተሩ ያለው አዳማ ነው። ደውል።"

ምንታምር፦ በል ሞክረው።

ኪሩቤል፦ አሁን? አጠገቤ ቁጭ ብለሽ?

ምንታምር፦ አይ፣ እኔ ሳሎን እወጣለሁ፤ በሩንም እዘጋዋለሁ። ብቻዬን ሆኜ ስልክ መጠበቅን ከዛሬ ልልመደው።