የአሸናፊዋ ይግባኝ

ወልቂጤ ፍርድ ቤት ጥብቅና የቆምኩላቸው እትዬ ብርነሽ ተፈረደላቸው። ከወንድማቸው ጋር በእናታቸው የእንሰት ጓሮ ተካሰው ነው የከረሙት። እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ግቢው ውስጥ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ልጄ፣ አሁን ይግባኝ ይባላል?" አሉኝ።

"እትዬ፣ አሸነፉ እኮ! ይግባኝ የሚለው የተረታው ነው።"

"እንግዲያው ንገረውና እሱ ይበል።"

"ለምን?" አልኩ ደንግጬ።

"እኔ ቤቱ አልሄድ፣ እሱ ቤቴ አይመጣ። የማየው በቀጠሮ ቀን ብቻ ነበር። እስክንጠራ ድረስ እዚያ አግዳሚ ላይ አጠገቤ ይቀመጣል። አያናግረኝም፤ ግን ሲያስል እሰማዋለሁ። አሁን መዝገቡን ዘጉት፤ በምን ልየው?"

ቀና ስል ወንድምየው የግቢው በር ላይ ቆሟል። ባጃጆቹ ይጠሩታል፤ እሱ ወደ እኛ ያያል።