ከሥር የሚጠጣ አበባ

እንኳን በሰላም ገባህ፣ ወንድሜ። መንገዱ እንዴት ነበር? ሹፌርነት እኮ ከባድ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መሪ ላይ... እስቲ አረፍ በል። እኔማ እማዬን ልጠይቅ ብዬ ጠዋት መጥቼ፣ መስኮቷ ላይ የተደረደሩትን የቫዮሌት አበቦች ሳይ ፈዝዤ ቀረሁ። ወይ ማማር!

ደግሞ የተተከሉበት ዕቃ! የአበባ ማስቀመጫ ገዝቶ መትከልማ ማንም ያውቅበታል። አንዱ በእማዬ የሾርባ ሳህን ውስጥ፣ አንዱ የሻይ ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ፣ ትንሿ ደግሞ ኩባያዋ ውስጥ... ያ ባለ ሁለት ጆሮው፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ እንዳይወድቅባት ብለህ የገዛህላት። ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ አይሻልም? ለነገሩ አሮጊት በቀን ስንቴ ትጠጣለች?

የሚስትህን እንክብካቤስ አይተሃል? ቅጠሉ ከራሰ ይበላሻል ተብሎ ከሥር ነው የሚጠጣው። ውሃው ሥሩ ከተበሳው ዕቃ በታች ባለ ሳህን ላይ ይደረግና ራሱ ይስባል። ቀዝቃዛ አይሆንም፣ ለብ ያለ! አፈሩ በጣት እየተነካ፣ "ጠምቶት ይሆን እንዴ?" ይባልለታል። እንዲህ የሚራራ አንጀት ከየት ይገኛል?

እማዬም አበባ መውደድ ጀምራለች። ስገባ ከአልጋዋ ተንጠራርታ ያንን ሳህን አንስታ፣ በሁለት እጇ ይዛ... ጭልጥ። ከንፈሯ ላይ አፈር ነበር። "ምነው እማዬ!" ብላት፣ "ዝም በይ፣ አበባው የጠጣው ይመስላታል" አለችኝ።

እኔ ተናድጄ? ኧረ ምን አናደደኝ! የቤትህ እመቤት ስትጠየቅም ምክንያቷ ውሃ ያነሳል፤ "ብዙ ከጠጣች አንሶላ ታርሳለች" አለች። እውነቷን እኮ ነው። ቅጠል ሲረጥብ የማይሆንላት ሴት፣ አንሶላ ሲረጥብ እንዴት ትችለዋለች?

በል፣ የእማዬን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ። ዛሬውኑ እኔ ቤት ትገባለች። ክፍሉም ለአበቦቹ ይሰፋላቸዋል፣ ብርሃን ይወዳሉ አሉ። መኪናህን አስነሳና አድርሰን... ምነው አቀረቀርክ? ያጠፋ ሰው አለ አልኩ እንዴ?

በሩን ለምን ትዘጋለህ? ተወው፣ ሚስትህም ትስማ፤ ምርቃት ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! ልጃችሁም አድጎ፣ ቁርጥ እናቱን የመሰለች ሚስት ያግባ። ያኔ የእናቱ ጉልበት ሲደክም፣ እዚሁ አልጋ ላይ፣ በዚያች ምራቷ እጅ ትጦር... አሜን በል እንጂ!