የእትዬ ዘነበች እንዝርትና የኸድር ዲመር

ሰው ከፊት ተቀምጦ እያለ ስለ እሱ ለሌላ ሰው ሲወራ መስማት እንዴት እንደሚያንገበግብ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። እትዬ ዘነበች ሁለት ወር ሙሉ ደርሶባቸዋል። «የቤቴ መብራት ይርገበገባል» ባሉ ቁጥር፣ መብራቱን የገጠመላቸው ጌታቸው ፊቱን ወደ ጎረቤት አዙሮ «ዓይናቸው ነው እንጂ መብራቱስ ደህና ነው» ይላል። ጎረቤታቸው ጌጤም «ለእኔ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየኝ» ብላ ታጸድቅለታለች። የገዛ ልጃቸው ሕይወት እንኳ ከደብረ ሲና ስትደውል «ሐኪሙ ዘንድ እንመለስ ይሆን እማዬ?» ትላለች እንጂ፣ አምፖሉን መጥቼ ልየው አላለችም።

እውነት ነው፣ እትዬ ዘነበች በጥቅምት የዓይናቸውን ሞራ ተገፍፈዋል። ፊደልም አልቆጠሩም። ግን ስልሳ ዓመት ጥጥ የፈተለ ሰው የሚንቀጠቀጠውን ከማይንቀጠቀጠው ካልለየ ማን ሊለይ ነው? አንድ ነጭ ፀጉር ያየ ሁሉ ዓይንም ጆሮም ልብም አብረው የጠፉ ይመስለዋል።

በ2009 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ጣሪያ በሚያንኳኳበት ሰሞን፣ አምፖሉን ነቅለው በጨርቅ ጠቅልለው ተነሡ። እንዝርትና ጥጥ ሳይዙ ከቤት ስለማይወጡ እነሱንም ያዙ። የሄዱት በደሴ መንገድ ዳር የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ኸድር ሱቅ ነው። ኸድር ኮሌጅ ገብቶ ኤሌክትሪክ የተማረ፣ ለሰው ትሑት የሆነ ወጣት ነው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ከውስጥ የሚያውቁት ድምፅ ሰሙ። ሕይወት ናት፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታለች። መምጣቷን ለእናቷ አልነገረችም።

«ከስልኬ ሆኜ የምቆጣጠረው ማለቴ ነው» ትላለች። «ደብረ ሲና ሆኜ ላብራላት፣ ልቀንስላት። ብርሃኑ ያማታል መሰለኝ አጥፍታው በዳበሳ ትሄዳለች። ባለፈው የበሩ ደፍ አደናቅፏት ጉልበቷ ተልጧል። ይህም ካልረዳት ከፋሲካ በኋላ ይዣት መውጣቴ ነው።»

«ወዴት ነው ይዘሽኝ የምትወጪው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

ሕይወት ደንግጣ ዞረች። ኸድር ብድግ አለ።

«ኖር እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ።»

«በእግዜር፣ ተቀመጥ። መጀመሪያ እሷ ትመልስ።»

«ለአንቺው ብዬ እኮ ነው እማዬ። ብትወድቂ ማን ይደርስልሻል? እኔ ዘንድ አልጋሽ ተነጥፎልሻል፣ የልጅ ልጅሽ አለች…»

«ደብረ ሲና ደግ አገር ነው፣ ለለመደው። ጉሙ በቀትር በር ድረስ እየመጣ ሰላም ይላል። ብርድ የያዘው ጣት ቀጭን ክር አያወጣም፣ ልጄ። መፍተል ከተውኩ ምን ቀረኝ? እንደ ተሰበረ ወንበር ጥግ ይዞ መቀመጥ? ከቤቴ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው።» ወደ ኸድር ዞሩ። «አንተ ደግሞ ይህን አምፖል እይልኝ። ይርገበገባል። ዝቅ ሳደርገው እንደ ንብ ያጉረመርማል።»

ኸድር አምፖሉን ተቀብሎ ጨለም ባለው በሱቁ ጓዳ ካለው መሞከሪያ ላይ አጠለቀው። ቦግ አለ።

«ደህና ነው እኮ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝና ዓይንዎን ከታከሙ ወዲህ…» አለና ዓይኑን ወደ ሕይወት መለሰ።

«እሷን ምን ታያታለህ? የምናገረው እኔ ነኝ! ማን ያውቃል የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። ከመብራቱ ሥር የምቀመጠው አንተ ነህ እኔ? ጌታቸው የገጠመልኝ እንዲህ በቀጥታ አይደለም። ያቺ ብርሃን የምትቀንሰው፣ የምትዞረዋ አለች፣ እሷ ላይ አድርገው።»

ኸድር ለትሕትናው ሲል እንጂ አምኖ አይደለም፣ ከመደርደሪያ የሚዞረውን ዲመር አውርዶ አገናኘ፤ ብርሃኑን እስከ ግማሽ ዝቅ አደረገው። እትዬ ዘነበች ካርቶን ላይ ተቀመጡና እንዝርታቸውን አወጡ። በእንዝርቱ ክብ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰች አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ለቀቁት።

«ና። ያንተን ዓይን ሐኪም አልነካውም። ነጥቧ ስንት ናት?»

ኸድር ጎንበስ አለ። እንደገና አየ።

«አምስት» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ አምስት ናት።»

«ለእኔ ስድስት መሰለኝ» አለች ሕይወት፣ እሷም ተጎንብሳ።

እትዬ ዘነበች ተነሥተው በር ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆሙና እንዝርቱን ዳግመኛ አሾሩት።

«አሁንስ?»

«አንድም የለችም። ጭስ የመሰለ ቀለበት ብቻ ነው።»

«ፀሐይ አትርገበገብማ!» አሉ። «መብራቱ ቦግ እልም እያለ ነጥቧን በየቦታዋ ይይዛታል። ክሩንም ለዓይኔ እንዲሁ ይቆራርጥብኛል። እዚያ ላይ ሳፈጥጥ ነው ዓይኔ የሚያነባው። ሁለት ወር ስናገር ማን ሰማኝ?»

የተማረ ሰው ሲሳሳት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይጠይቃል። ኸድር ከሁለተኛዎቹ ስለነበረ ደህና ትምህርት ቤት ገብቷል ማለት ይቻላል።

«አጥፍቻለሁ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «አሁን ገባኝ። ይህ ዲመር የተሠራው ለድሮው፣ ለባለ ሽቦው አምፖል ነው። ዲመር ብርሃን የሚቀንሰው ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ነው። የድሮው አምፖል እንደ ጋለ ብረት ነው፤ ከእሳት ቢያወጡት ወዲያው አይጠቁርም፣ ስለዚህ መቆራረጡ አይታወቅበትም። ኤልኢዲ የሚባለው ይህ አዲሱ አምፖል ግን ሲቆርጡበት ወዲያው ይጠፋል። ደግሞም ይህ ዲመር ብዙ ኃይል የሚበላ አምፖል ለምዷል፤ ይህች የምትበላው ጥቂት ነው።»

«የግመል ኮርቻ ለፍየል ጫኑላት በለኛ።»

«እንደዚያ ነው። ከዚህም ሌላ አምፖሉ ራሱ ዝቅ እንዲል የተሠራ አይደለም። ብርሃኑ የሚቀነስ አምፖል በካርቶኑ ላይ ተጽፎበታል።»

«ጽሑፍማ ለእኔ ምን ሊሆነኝ፣ ጌታቸው ነበር ማንበብ የነበረበት። ፊት ግን ሌላ አምፖል ነበረኝ፤ እሱስ ለምን ሞተ? ብርሃኑ ዓይኔን ቢወጋኝ ቅል ጠርቤ ደፋሁበት። አሪፍ ነበር፣ ጌጤ እንኳ አይታ ለራሷ ሠራች። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጭጭ አለ።»

ኸድር ሳቁን በእጁ ከለለ። «ቅል ደፉበት? እትዬ፣ ኤልኢዲ ቀዝቃዛ ይምሰልዎ እንጂ ወገቡ ይሞቃል። አየር ሲያጣ በገዛ ትኩሳቱ ይሞታል። የእትዬ ጌጤም ሰንብቶ እንደሆነ እንጃ።»

«እንግዲያው ይህ የእኔ ጥፋት ነው» አሉ ሳይሽኮረመሙ። «ዛሬውኑ እነግራታለሁ። አሁን ይህች ልጄ የመረጠችልኝን አሳየኝ፤ ደብረ ሲና ሆና የምታዘኝን።»

ሕይወት ፊቷ ቀላ። ኸድር ነጭ ሰሌዳ የመሰለ ማብሪያ አቀረበ። «ስማርት ዲመር ይሉታል። በኢንተርኔት በኩል ከስልክ ጋር ይነጋገራል።»

«ኔትወርክ ሲጠፋስ? ሰሞኑን አንድ ቀን ካለ ሦስት ቀን የለም።»

«ያኔ… ማብራትና ማጥፋት እንጂ ዝቅ አያደርግም።»

«መብራት ሄዶ ሲመለስስ?»

ኸድር ማጅራቱን አከከ። «ይኼኛው በሙሉ ኃይሉ ነው ቦግ የሚለው።»

«እንቅልፍ ላይ ሳለሁ ፊቴ ላይ ፀሐይ ልትወጣብኝ! መብራት ሄዶ የማይመጣበት ቀን አለ እንዴ እዚህ? የቤቱስ እንግዳ፣ ስልክ የሌለው፣ በእጁ ምን ይነካል?»

«አይ፣ ይኼ ለእርስዎ ቤት አይሆንም» አለ ኸድር፣ ዕቃውን ወደ ካርቶኑ እየመለሰ። «በአላህ፣ ስሸጥ ይህን ሁሉ ጠይቄ አላውቅም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የማነበው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሌላ የለህም?»

ነበረው። ይህኛው ለኤልኢዲ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ላይ በጣት ይነካል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የነበረበትን ያስታውሳል፣ ስልክ ከኖረ ቤት ውስጥ ሆኖ ያለ ኢንተርኔት ይታዘዛል። ኸድር ከሚቀነስ አምፖል ጋር አገናኘውና እንዝርቱ ተሾረ። ነጥቧ ቀለበት ሆና ቀረች። ዝቅ፣ ዝቅ፣ እያደረጉ ሲሄዱ ከታች አካባቢ እንደገና መቆራረጥ ጀመረች። ኸድር «ይህን ወለል እናበጅለታለን» አለና አምፖሉ ሳይርገበገብ የሚቆምበትን ዝቅተኛ ልክ በስልኩ ወሰነለት። ከዚያ በታች እንዳይወርድ ታዘዘ።

እትዬ ዘነበች ግን ገና አንድ ነገር አልዋጥ ብሏቸዋል።

«ስልኩ ለምን ያስፈልጋል? በጣቴ ከሠራ ይበቃኛል። እኔ ሳላዝ የሚበራ መብራት አልወድም። ቤቱ የማን ነው?»

ያን ጊዜ ሕይወት ተናገረች፤ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ልጅ።

«እማዬ፣ የወደቅሽው መቼ ነው? ሊመሽ ሲል፣ ከጓሮ ስትገቢ፣ ግድግዳውን እየዳበስሽ። ማብሪያው ከደፉ ማዶ ነው። ስልኩ አንድ ጊዜ ልክሽን ለዲመሩ ይነግረዋል፤ ከዚያ በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በራሱ ቀስ ብሎ ይበራል፣ ዓይንሽን ሳይወጋ። የምትወጂውን ልክ የምትወስኚው አንቺ። ካልወደድሽ በጣትሽ ታጠፊዋለሽ። እኔ ከደብረ ሲና አልነካውም። መንካት ፈልጌም ነበር፣ አልዋሽሽም፤ ጉልበትሽን ሳይ ሌላ ነገር አልታየኝም።»

እትዬ ዘነበች ጉልበታቸውን ዳሰሱ። ቁስሉ ገና አልደረቀም። ስለ ደፉ የተነገረው እውነት ነው፤ እውነትን ደግሞ እሳቸው ከማንም አፍ ቢወጣ አይመልሱም።

«ዶሮም ሳይጠየቅ መንጋቱን ይናገራል» አሉ። «መምሸቱን የሚናገር ቢኖር ምን ይከፋል። ይግባ። የሚገጥመው ግን ጌታቸው አይደለም፣ አንተ ነህ።»

ኸድር ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ መጣ። ቆጣሪውን አጥፍቶ የማብሪያውን ሣጥን ሲከፍት የገባው ሽቦ ሁለት ብቻ ሆኖ አገኘው። አዲሱ ዲመር ኒውትራል የሚባለውን ሦስተኛ ሽቦም ይሻል፤ እሱ ከሌለ ያለ ልኩ ይሠራል ወይም ጭራሹን አይሠራም። ስለዚህ ሽቦ ስቦ አመጣለት። ጌጤም ልታይ መጥታ ነበር። ስለ ቅሉ ሲነገራት ምንም ሳትመልስ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ለሚሰማ ይጠቅማል። የእትዬ ዘነበች ዓይን ማንባቱን ተወ። አምፖሉ የሚበራው በልክ ስለሆነ አይግልም፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ከጓሮ ሲገቡ ደፉ ይታያቸዋል። ለመፍተል ከፍ፣ ለጸሎት ዝቅ ያደርጉታል፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ። ኸድርም ዲመር ሊገዛ ለሚመጣ ሁሉ ዕቃውን ከማውረዱ በፊት ይጠይቃል፤ አምፖልህ የሚቀነስ ነው? ሣጥንህ ውስጥ ስንት ሽቦ አለ? መብራት ሲመለስ እንዴት ይሁንልህ? በእጅህ ትነካዋለህ ወይስ በስልክ? አዲስ ነገር ክፉ አይደለም። ክፉው ሳይመረምሩ መቀበልና ሳይመረምሩ መግፋት ነው፤ ሁለቱም የሰነፍ ሥራ ነው።

የፋሲካ ማግስት ሕይወት መኪና ተኮናትራ መጣች። እናቷን ልትወስድ ቆርጣ ነበር ወይስ ልታይ ብቻ፣ እሷም በደንብ አታውቀውም። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። እቤት ስትገባ መብራቱ ቀስ እያለ በራ። እናቷ ከሥሩ ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ አጠገባቸው አንድ እንቅብ ሙሉ ተፈትሎ የተጠቀለለ ድውር አለ፣ ክሩ ከፀጉር የቀጠነ። ሕይወት ድውሩን አንሥታ በጣቶቿ መካከል አሳለፈችው፣ አንድም ጉብታ አልነካትም። ተቀመጠች። እናቷን ስለ መውሰድ ያሰበችው ነገር አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«መኪናው ይጠብቃል?» አሉ እትዬ ዘነበች፣ እጃቸውን ሳያቆሙ።

«ይጠብቃል።»

«እንግዲያው ባዶውን አይመለስ። እንቅቡን ይዘሽ ውጪና ደብረ ሲና ለሸማኔው ስጪልኝ። ለዳግማይ ትንሣኤ ነጠላው እንዲያልቅ አጠገቡ ቁመሽ አሠሪው። ያነጠፍሽልኝን አልጋ ለልጅሽ ስጪያት፣ አድጋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስትመጪ፣ ሳትነግሪኝ ዕቃ ገዝተሽ አትምጪብኝ፤ ጥጥ ይዘሽ ነይ።»