የጮኸ ሻይ ያፈላል

— ሄሎ?... አቤት፣ ላውንደሪ ቤት ነው... ኧረ አንተ ነህ እንዴ! ሳላይ ነው ያነሳሁት፣ እጄ በሙሉ ሳሙና ነው። ቆይ፣ በትከሻዬ ልያዘው... እሺ፣ አሁን አውራ። ጣትህ እንዴት ሆነ? ቆረጡት?

— እየቀለድኩ ነው እኮ! አታልቅስ።... አላለቀስክም? ጠዋት እማዬ ስትደውልልኝ ከሷ ድምፅ ይልቅ ያንተ ጩኸት ነበር የሚሰማው። «ወንድምሽ ጣቱን በመዶሻ መታ፣ ሐኪም ቤት ልወስደው ነው» አለችኝ። አናጺ ሆነህ፣ ሚስማሩን ትተህ ጣትህን!... እሺ፣ እሺ፣ አልስቅም።

— ሰፉልህ? ጎሽ።... ነርሷ ምን አለችህ?... «ጀግና ነህ»! እሷማ ከአንተ በፊት ለገባው ሕፃንም እንደዚሁ ነው ያለችው። ከረሜላስ አልሰጠችህም?

— ምን? ምን? ድገመው እስቲ።... ቦክሰኛው! ካውያውን አቁመውና ይሄን ስማ። ወንድሜ «ሕመም ቻይ ማለት ወንድ ነው» ይላል።... አንተ ደግሞ ምን ያስጨበጭብሃል?

— አንተን አይደለም፣ ቦክሰኛውን ነው። እያጨበጨበልህ ነው። በር የሚያህል ሰው፣ ስንቱን ዘርሬያለሁ እያለ የሚያወራ ሰው፣ ትናንት እንፋሎት እጁን ነካ ቢያደርገው መንገደኛው ሁሉ እዚህ በር ላይ ተሰበሰበ። የዛሬን ሻይ ማን አፈላው መሰለህ? እሱ። ካቻምና ከተቀጠረ ወዲህ ከሱ ሌላ ሻይ ያፈላ ሰው የለም።

— ቆይ አንዴ... አይገርምዎት እትዬ፣ የቤታችን ደንብ ነው። በካውያ ተቃጥሎ የጮኸ ሰው ለሁላችንም ሻይ ያፈላል። እናቴ ናት ያወጣችው። እሷ እዚህ ቤት ውስጥ አርጅታ ለኔ እስክታስረክበኝ ድረስ አንድም ቀን ሻይ አላፈላችም። ይቀመጡ፣ የልጅዎ ቀሚስ አሁን ይደርሳል፤ ሐር ስለሆነ ቀስ እያልን ነው።

— እህ፣ አለሁ። የሙሽራ እናት ቆመውብኝ ነው።... ምኑን ነው የምታስረዳኝ? አንተን የወለደች ቀን የሰው ልብስ ተኩሳ፣ ሰቅላ፣ እጇን ታጥባ ነው ሐኪም ቤት የሄደችው። አዋላጇ «መቼ ነው የጀመረሽ» ብትላት «ትንሽ ቆየት ብሏል» አለች። ቆየት ብሏል! ብቅ ልትል ምንም አልቀረህም ነበር!

— ተፈጥሮ ነው የሚያስችላት? እሺ። ለአንተስ ተፈጥሮ ምን ሰጠህ፣ ጉሮሮ?... አባዬንማ ተወው፣ ነፍሱን ይማረው። ጥርስ ሊያስነቅል ሄዶ ወንበሩን አይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ካላመንክ እማዬን ጠይቃት፣ አጠገብህ አይደለች?

— ጠየቅካት?... እህ፣ ምን አለችህ?... አልሰማሁህም።... «ልክ ነህ ልጄ፣ ቻይስ ወንድ ነው» አለች?

— ማን? እማዬ? የኛዋ እማዬ?... አትሳቅ። አንተ፣ አትሳቅ አልኩህ! ቦክሰኛው፣ ማጠቢያውን አጥፋልኝ፣ አልሰማም።

— ስማኝ። ስትመጡ ባለ ታክሲውን ምን አለችው?... መንገድ አዙሯችሁ አመሰገነችው?... አንተንስ? በመዶሻው ነገር ስንት ሰደበችህ?... አንዲት ቃል አልተናገረችህም?... «ዛሬ ደስ ብሏታል» ትለኛለህ ደግሞ! አንተ ልጅ፣ እማዬ ደስ ሲላት ነው የምትሳደበው! ያኔ የእንፋሎቱ ቱቦ ክንዷ ላይ ሲፈነዳ ትዝ ይልሃል? ቆዳዋ እየተገሸለጠ ቱቦውን በደንብ ያላሰረውን ሰውዬ «እግዚአብሔር ይስጥህ» አላለችውም? አሁኑኑ ስጠኝ። ስልኩን ለሷ ስጣት።

— ሄሎ እማዬ... ደህና ነኝ። አንቺስ?... ሆድሽን?... «ነካ ያደርገኛል» ማለት ከመቼ ጀምሮ?... ከጠዋት? ትናንት ማታ ነው አይደል የጀመረሽ?... እሺ። አልጨቀጭቅሽም። እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ። የሙሽራዋን የሐር ቀሚስ ቦክሰኛው አቃጠለው።

— ዝም በል ቦክሰኛው! እትዬ፣ እርስዎም ይቀመጡ፣ በሞቴ ይቀመጡ!

— አዎ እማዬ፣ ፊት ለፊቱን። ደረቱ ላይ የካውያው ቅርፅ እንዳለ ወጥቷል።... ምን አልሽ?... «ግድ የለም፣ ሰው ይሳሳታል»... እ?... «ቤቱን ጥሩ አድርገሽ ነው የያዝሽው፣ ኮርቼብሻለሁ»... እማዬ... አታመስግኚኝ። በሞቴ፣ እኔን አታመስግኚኝ።... እሺ። እሺ የኔ እናት፣ ስልኩን ለሱ ስጪው።

— ትሰማኛለህ? ተነስ። ጣትህን ተወው፣ ጣትህ ተሰፍቶልሃል! ተነስና ነርሷን ጥራት፣ እማዬ በጠና ታማለች።... እንዴት አድርጋ ትንገርህ? አንተ እየጮህክ በየት በኩል ትናገር?... እጇ የት ነው ያለው?... ቦርሳዋን ቀኝ ጎኗ ላይ አቅፋ። ከታክሲው ጀምሮ እንደዚያው። አንተ ደግሞ ብርድ ነው ብለህ!... ግንባሯን ንካው።... አልቦታል? ቀዝቅዟል?... ሂድ። ሩጥ!

— ቦክሰኛው፣ ፎጣ አቀብለኝ፣ እጄን ልጥረግ። ምንም የለም። ምንም አትሆንም። እማዬ ናት እኮ።

— አለሁ፣ አለሁ።... ጠየቀቻት?... ከአንድ እስከ አስር ሕመሙ ስንት ነው ብላት... ስንት አለች?... «ሁለት»። አየህ? አየህልኝ?... አንተስ ለጣትህ ስንት ብለህ ነበር?... አሥራ አንድ! ስጠኝ ነርሷን።

— ሄሎ፣ እንደምን ዋልሽ እህቴ። የሴትዮዋ ልጅ ነኝ።... አዎ፣ የዚያ የጩኸታሙም እህት ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልን። ስሚኝ የኔ እህት። እናቴ ሁለት ካለች ለሌላው ሰው ዘጠኝ ነው።... እያጋነንኩ አይደለም።... ተራ እንዳለ አውቃለሁ፣ ከሷ የባሰ እንዳለም አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይተሽ ፍረጂ። ፊቷን ግን አትዪ፣ ፊቷ ምንም አይነግርሽም። ጫማዋን አውልቂና የእግሯን ጣቶች እዪ። ካውያ ሲያቃጥላት ፊቷ ፈገግ ይላል፤ ጣቶቿ ናቸው ጫማዋ ውስጥ ጭብጥ የሚሉት። እኔ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ እነዚያን ጣቶች ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ።

— እሺ... እጠብቃለሁ... እ? ተጨብጠዋል?... የሁለቱም እግር?... አልዘረጋ አሉ?... እሺ። ሐኪሙን ጥሪልኝ። ተባረኪ፣ እጅሽ ይባረክ።

— እትዬ፣ ለምን ያለቅሳሉ? ቀሚሱ አልተቃጠለም! ያውልዎት፣ እንከን የለበትም። እናቴ ትቆጣ እንደሆነ ለማየት ነው የዋሸሁት።... አልተቆጣችም። እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

— ሄሎ፣ አለህ?... አስገቧት? አንተ መጋረጃው ውጭ ነህ? ከዚያ እንዳትነቃነቅ፣ ስልኩንም እንዳትዘጋ።... አልቅስ፣ አሁን እንኳን ተፈቅዶልሃል።... ጥፋትህ አይደለም። ጣትህን ባትመታ ኖሮ እሷ ሐኪም ቤት ደጃፍም አትደርስም ነበር። ቤቷ ቁጭ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ስታመሰግን... ተወው፣ አልጨርሰውም። እኔም ፈርቻለሁ። የቆሸሸው ልብስ ላይ ነው የተቀመጥኩት።

— አዎ፣ አሁንም እከራከርሃለሁ። ሴት ናት ቻይ። ግን ማን ቻዪ አላት? ልብስ እየተኮሰች እንድትወልድ ማን አላት? እኔ ደግሞ ይሄን ጉድ ለሰው እያወራሁ ስኮራበት! ስትድን ብቻ፣ እሷንም እኔንም...

— ምንድን ነው እሱ? ማን ነው የጮኸው?... አንተ ነህ?... ማን?... እማዬ?!

— ሐኪሙ ሆዷን ጫን አድርጎ ሲለቀው... እህ... ትርፍ አንጀት። ሊፈነዳ ነው አለ?... አሁኑኑ ቀዶ ጥገና።... በጊዜው ደርሳችኋል አለ? በደንብ ጠይቀው፣ በሩቁ አትስማ።... «ደርሳችኋል» አለ። እሺ።... «ነገ ቢሆን ኖሮ» የሚለውን አትንገረኝ፣ በቃኝ።

— ቦክሰኛው! እማዬ ጮኸች! እትዬ፣ ሰሙ? እናቴ ጮኸች!

— ይሄ ደግሞ የማን ድምፅ ነው? እሷ ናት የምትናገረው? ምን ትላለች?... ሐኪሙን «ይሄ እጅ ነው ወይስ መዶሻ» አለችው? ሰደበችው! ተመስገን! አንተንስ?... «ቅድም ልክ ነህ ያልኩህ አፍህን እንድትዘጋልኝ ነው»! ውይ እናቴ! ያቺ ናት፣ አሁን እሷ ራሷ ናት!... ለቦክሰኛውም መልእክት አላት? ቦክሰኛው፣ ስለ ቀሚሱ ከሐኪም ቤት ስወጣ አገኘዋለሁ ብላሃለች። አትፍራ፣ እኔ አስረዳልሃለሁ።

— እየወሰዷት ነው? ተከተላት፣ በሩ ሳይዘጋ አንድ ነገር ንገርልኝ። ጮኸሻል በላት።... አልጮህኩም ትላለች? ሦስት ምስክር አለኝ በላት፣ ባለ ቀሚሷ እትዬ እንኳን ሰምተዋል። በስልክም ቢሆን ጩኸት ጩኸት ነው። ሻይ አለባት። እኔ አላፈላላትም፣ አንተም አታፈላላትም፣ ራሷ ትምጣና በእጇ ታፍላልን።... ነገርካት?... ምን አለች?... ሄሎ?... ሄሎ፣ ምን አለች?

— «ማንቆርቆሪያውን ጥርግ አድርጋችሁ አጥባችሁ ጠብቁኝ፣ እናንተ ማጠብ አትችሉበትም» አለች?

— እሺ። እሺ በላት። እኔ መጣሁ፣ ልብሴን ቀይሬ አሁኑኑ መጣሁ። ልዝጋው... ቻው።

— ቦክሰኛው፣ ቤቱን ጠብቅልኝ። የእትዬን ቀሚስ በላስቲክ አልብሰህ ስጣቸው። ማንቆርቆሪያውንም ጥርግ አድርገህ እጠበው።... አይ፣ እንዳትጥደው። እጠበውና አስቀምጠው፣ ተረኛዋ ትመጣለች።