የማካውሊ ልጅ

(ደሴ፣ ከምሳ በኋላ። በ«ማካውሊ ጋራዥ» ጠባብ ቢሮ ውስጥ የሰማንያ ሦስት ዓመቱ መካኒክ ጥላዬ እና በእናት ብቻ ይገናኛሉ የሚባለው ታናሽ ወንድሙ፣ ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ጓንጉል፣ ከስኮትላንድ በመጣ ደብዳቤ ላይ እየተከራከሩ ነው።)

ጥላዬ፦ እንደገና አንብበው።

ጓንጉል፦ ሦስት ጊዜ አነበብኩልህ እኮ ጋሼ።

ጥላዬ፦ ስታስተምር ለተማሪ ስንት ጊዜ ትደግም ነበር?

ጓንጉል፦ ለሰነፍ ሁለቴ።

ጥላዬ፦ እኔ ከሰነፍም እብሳለሁ። አንብብ።

ጓንጉል፦ መጀመሪያ የመጣሁበትን ጉዳይ ልጨርስ። የአባባ አጽም እሁድ ይነሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ሊሰፋ ስለሆነ መቃብሩ ያለበት ቦታ ተፈልጓል። ቄሰ ገበዙ የበኩር ልጁ መጥቶ ሳጥኑን ይያዝ ብለዋል።

ጥላዬ፦ በኩሩ አንተ ነህ። ሂድና ያዝ።

ጓንጉል፦ ደብዳቤው እንደዚያ አይልም።

ጥላዬ፦ አንብበዋ እንግዲያው!

ጓንጉል፦ እሺ፣ እሺ። «ውድ አቶ ጥላዬ ማካውሊ...»

ጥላዬ፦ ፈረንጇ አሁንም ማካውሊ ትለኛለች?

ጓንጉል፦ ምን ትበልህ? አንተን ያገኘችህ የታፔላህን ፎቶ አይታ ነው። «ባለፈው ዓመት ደሴ መጥቼ ከእርስዎና ከወንድምዎ የወሰድኩት ምራቅ ተመርምሯል። ውጤቱን ከመግለጼ በፊት የማካውሊ ዘር ማኅበራችን ስለ ስሙ ያጠናውን ባጭሩ ላጫውትዎ...» ይህን ልዝለለው?

ጥላዬ፦ አትዝለል። ዕድሜ ልኬን የተሸከምኩት ስም ነው።

ጓንጉል፦ ማክ ማለት ልጅ ማለት ነው ትላለች። እንደኛ «ወልደ» በለው። አውሊ ደግሞ ከኦላፍ የመጣ ነው። ድሮ ከሰሜን በመርከብ እየመጡ ስኮትላንድ የሰፈሩ ሰዎች ስም ነው።

ጥላዬ፦ የኦላፍ ልጅ።

ጓንጉል፦ አዎ። አየርላንድ ውስጥም ማካውሊዎች አሉ፤ የነሱ ግን ከሌላ ሰው ስም የወጣ ነው። ሲጻፍ ተመሳሰለ እንጂ አንድ አይደለም።

ጥላዬ፦ ስለዚህ እኔ ጥላዬ የኦላፍ ልጅ ልጅ ነኝ።

ጓንጉል፦ ችግሩ እሱ ነው። ማካውሊ አባትህ ነው የተባለው የእንግሊዞቹ መካኒክ የራሱ ስም አይደለም። የዘሩ ሁሉ ስም ነው። አጎቱም፣ አያቱም፣ የአጎቱ ልጅም ማካውሊ ናቸው። እናታችን ወታደሮቹ «ማካውሊ!» እያሉ ሲጠሩት ሰምታ ስሙ መሰላት፤ ወስዳ ላንተ አባት አደረገችው።

ጥላዬ፦ እና የራሱ ስም ማን ነበር?

ጓንጉል፦ ዱጋልድ።

ጥላዬ፦ ዱጋልድ። አባቴ ያልኩትን ሰው ስም ዛሬ ሰማሁ። ጥላዬ ዱጋልድ። ደስ አይልም።

ጓንጉል፦ ለታፔላም አይሆን።

ጥላዬ፦ ቀጥል።

ጓንጉል፦ «በስሙ የሚጠሩ ብዙ ወንዶችን መርምረን ግማሹ ከግማሹ ጋር በደም እንደማይገናኝ አይተናል። አንዳንዱ ድሮ የአካባቢው ጌታ ማካውሊ ስለነበር ከለላ ፍለጋ በስሙ የገባ ነው። አንዳንዱ በጉዲፈቻ ያደገ ነው። የአንዳንዱን ደግሞ እናቱ ብቻ ታውቃለች።»

ጥላዬ፦ የመጨረሻዋን አለሳልሳታለች። ጨዋ ሴት ናት።

ጓንጉል፦ «ስለዚህ ውጤቱ እንዳያሳዝንዎት። እኛ ራሳችን ተደበላልቀን የምንኖር ሰዎች ነን።»

ጥላዬ፦ ከዚያስ?

ጓንጉል፦ ታውቀዋለህ።

ጥላዬ፦ ከዚያስ አልኩህ?

ጓንጉል፦ «እርስዎ ከማናችንም ጋር በደም አይገናኙም። አባትዎ ከአውሮፓ ለመምጣቱ አንዳች ምልክት አላገኘንም። አቶ ጓንጉል ገብሩ ግን በእናት ብቻ ሳይሆን በአባትም ወንድምዎ ናቸው።»

ጥላዬ፦ በአባትም።

ጓንጉል፦ በአባትም።

ጥላዬ፦ ሚኒባሱን አስር ሰዓት ላይ ሊወስዱት ይመጣሉ። የክላቹ ጥገና ገና አላለቀም።

ጓንጉል፦ ጋሼ፣ ሰምተኸኛል?

ጥላዬ፦ ሰምቼሃለሁ።

ጓንጉል፦ ታዲያ ምንም አትልም?

ጥላዬ፦ ምን ልበል? ጥርስ ሲነቅሉህ መርፌ ይወጉህ የለ? ሲጎትቱት ይሰማሃል፣ ግን አያምህም። እንደዚያ ነው።

ጓንጉል፦ እኔን ግን አሞኛል። ጠዋት ደብዳቤውን ከፍቼ ካነበብኩት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

ጥላዬ፦ አንተ ምን ጎደለብህ? አባትህ አባትህ ነው።

ጓንጉል፦ እሱን ነገር ተው! ሰባ ምናምን ዓመት ሙሉ «አባትህ ጠራህ»፣ «አባትህ ታሟል»። አንድ ቀን እንኳ አባባ ብለኸው አታውቅም። ጋሽ ገብሩ ነው ያልከው። የቀበርነው ዕለት ከዕድርተኞቹ ጋር ቆምክ። እኔ ብቻዬን ሬሳ ራስጌ ቆሜ ዞር ብዬ ስፈልግህ ድንኳን ትወጥራለህ!

ጥላዬ፦ ድንኳኑን ማን ይወጥረው?

ጓንጉል፦ ዕድርተኛ ይወጥረዋ! ልጅ ድንኳን አይወጥርም!

ጥላዬ፦ አትጩህ። ደንበኛ አለ ውጭ።

ጓንጉል፦ ደንበኛህ ይስማ። ይልቅ አንድ የምነግርህ ነገር አለ። ከሰማህ በኋላ ብትሰድበኝም ይሁን።

ጥላዬ፦ ተናገር።

ጓንጉል፦ አውቅ ነበር።

ጥላዬ፦ ምኑን?

ጓንጉል፦ የሱ ልጅ እንደሆንክ። በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ነገረኝ። በጣሊያን ጊዜ የጣሊያን ሾፌር እንደነበር ታውቃለህ። እንግሊዞች ሲገቡ ሸሸ። እናታችን አንተን አርግዛ ቀረች፣ እንግሊዞቹ ካምፕ ልብስ አጣቢ ሆና ገባች። የባንዳ ልጅ ወለደች እንዳይሏት ፈራች። ያ መካኒክ ደግሞ ሩኅሩኅ ነገር ነበር አሉ፣ የጣሳ ወተት ይሰጣታል። በቃ፣ ስሙን ሰጠችህ። እሱ ይህን ሳያውቅ ነው ወደ ሌላ አገር የሄደው።

ጥላዬ፦ ሰፈሩስ? መቁጠር የሚችል አንድ ሰው አልነበረም?

ጓንጉል፦ ለሰፈሩ ፈረንጅ ሁሉ አንድ ነው። ጣሊያኑ ወጣ፣ እንግሊዙ ገባ፣ ማን ቀን ይይዛል? አንተ ደግሞ እንደ እናታችን ቀይ ነበርክ፤ የፈረንጁ ልጅ ነው ሲባል ሁሉም አመነ። አባባ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ ሰዉ ሁሉ «ማካውሊዬ» እያለ እየተቀባበለ ይስምሃል። የኔ ነው ብሎ የባንዳ ልጅ ሊያሰኝህ አልጨከነም። እንጀራ አባት ሆኖ ገባ።

ጥላዬ፦ ለኔ ምን አለ? ሊሞት ሲል።

ጓንጉል፦ «ከጠየቀ ንገረው። ካልጠየቀ ተወው፣ ስሙ ተስማምቶታል» አለኝ።

ጥላዬ፦ ተስማምቶታል አለ?

ጓንጉል፦ እንደዚያ ነው ያለው። እኔም ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቅክም። ሃምሳ ዓመት አለፈ። ይኸው፣ ስደበኝ።

ጥላዬ፦ ምንም አላደረግክም። የተባልከውን ነው የፈጸምከው።

ጓንጉል፦ እንደዚህ አትሁንብኝ በናትህ። ወይ ተቆጣ፣ ወይ ምታኝ። ሚስት አግባ እያልክ ስትሰድበኝ የኖርክ ሰው አይደለህ እንዴ!

ጥላዬ፦ ጓንጉል፣ ፈረንጇ የፈለገችው የኔን ምራቅ ብቻ ነበር። ትዝ ይልሃል?

ጓንጉል፦ ይለኛል። አንተ ነህ «ወንድሜም ይትፋ» ብለህ ድርቅ ያልክባት። ለማመሳከር ይጠቅማል አልክ። የመኪና ሰው ስለሆንክ ነው፣ ትርፍ ዕቃ ይወዳል ብዬ ስቄ ተፋሁልህ።

ጥላዬ፦ ለምን ይመስልሃል?

ጓንጉል፦ እኔ እንጃ። ለምን?

ጥላዬ፦ እኔ የተወለድኩት ጳጉሜን ሦስት ነው፣ የሩፋኤል ዕለት። እናታችን ይህን ስትናገር አትሳሳትም ነበር፣ የዕለቱን ዝናብ ሳይቀር ትተርከው ነበር። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ መምህሩ እንግሊዞች ደሴ የገቡት በሠላሳ ሦስት ሚያዝያ ላይ ነው አለን። እኔም የተወለድኩት በዚያው በሠላሳ ሦስት ነው። ዴስኩ ስር በጣቴ ቆጠርኩ። አራት ወር ተኩል። እንደገና ቆጠርኩ። የአራት ወር ተኩል ልጅ አይወለድም።

ጓንጉል፦ ስድስተኛ ክፍል?

ጥላዬ፦ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ጓንጉል፦ ማካውሊ እንዳልሆነስ አወቅክ እንበል። አባባ መሆኑን በምን አወቅክ?

ጥላዬ፦ ትኩሳት ሲይዘኝ ከእናታችን ቀድሞ ግንባሬን የሚዳብሰው እሱ ነበር። አንተ ስትታመም «ዘነቡ፣ ልጅሽን እዪው» ነበር የሚለው።

ጓንጉል፦ እውነትህን ነው። እንደዚያ ነበር የሚለው። እኔ እኮ የእንጀራ ልጁን ከኔ አስበልጦ ይወዳል እያልኩ አዝንበት ነበር።

ጥላዬ፦ እኔ ደግሞ ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅኩ። ስምንተኛ ክፍል ሳልፍ ይነግረኛል። ጋራዥ ስከፍት ይነግረኛል። ላገባ ስል ሽማግሌ ሆኖ ሄደልኝ፤ ሽማግሌዎቹን ተከትዬ ከበር ውጭ ቆሜ እሰማዋለሁ። «ለእንጀራ ልጄ» አለ። አፉን ሞልቶ «ለእንጀራ ልጄ ልጅዎን እንዲሰጡልኝ» አለ። ያኔ አንድ ነገር ውስጤ ዝም አለ። በሳምንቱ ነው ታፔላው ላይ ማካውሊ የሚለውን በትልቁ ያስጻፍኩት። በየቀኑ ሲያልፍ እንዲያየው።

ጓንጉል፦ ያየው ነበር። «ቀለሙ ያምራል» ይል ነበር።

ጥላዬ፦ ሌላ ሰው መጠየቅ አልቻልኩም። አንተን ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር፤ ግን የምትነግረኝ አንተ ነህ፣ እሱ አይደለም። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ የሚነግረኝ ጠፋ። ፈረንጇ ስትመጣ እንግዲህ ማሽኑ ይናገር አልኩ። ማሽን አያፍርም፣ አይራራም።

ጓንጉል፦ ጋሼ። እሱ እኮ እንድትጠይቀው ነበር የሚጠብቀው።

ጥላዬ፦ አሁን ነገርከኝ።

ጓንጉል፦ አንተ እንዲነግርህ፣ እሱ እንድትጠይቀው። አንድ ግቢ ውስጥ! አንድ ማዕድ ላይ! ኧረ የኛስ ነገር!

ጥላዬ፦ መሐረብ እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ። ንጹሕ ነው፣ ግሪስ አልነካውም።

ጓንጉል፦ አንተ ምነው አታለቅስ?

ጥላዬ፦ አይመጣም። ደረቴን እደባብሳለሁ፣ ምንም የለም። ምናልባት ነገ ይመጣል። ምናልባትም አይመጣም። አንተ አልቅስልኝ።

ጓንጉል፦ ለፈረንጇስ ምን ብዬ ልጻፍላት?

ጥላዬ፦ እግዜር ይስጥልኝ በላት። ስማቸውን በደንብ እንደያዝኩላቸው ንገራት። በመኪና ሥራውም በሰዉም ፊት አላዋረድኩትም።

ጓንጉል፦ እሁድስ?

ጥላዬ፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ጓንጉል፦ ከቅዳሴ በኋላ። ሳጥኗ ትንሽ ናት፣ አትከብድም። ግን ጉልበትህ...

ጥላዬ፦ ጉልበቴን ተወው። ለቄሰ ገበዙ ደውልና ልጁ ይመጣል በላቸው።

ጓንጉል፦ የትኛው ልጅ ቢሉኝስ?

ጥላዬ፦ ያልጠየቀው በላቸው።