ውጤቱ ከምሳ በኋላ ነው

በእኛ ጊዜ አዋሽ ወንዝ ነበር እንጂ የስብሰባ ርዕስ አልነበረም። ሳቂ ዘሃራ፣ ሳቂ፣ እናንተም ሳቁ፤ እሷ ነገ ሰመራ ወርዳ የቢሮ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንዲህ አፍ ከፍቶ መሳቅ የለም። የወንድሜ የልጅ ልጅ የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያ ሆና ተቀጠረች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ብሎኛል፣ ግን ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ሰምተሽ ሂጂ፤ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩሽም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ አዋሽ። በእኛ ጊዜ ውሃው ቀን ነበረው። ክረምት ደጋው ላይ ይዘንባል፣ እዚያ ታች ሰማዩ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ይሞላል፣ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ደግሞ ይመለሳል፣ ከኋላው ሣር ይበቅላል፣ ከብቱ ይጠግባል። አፋሩ የውሃውን ቀን ያውቃል፣ ውሃውም አፋሩን ያውቃል። ታዲያ ኋላ ኋላ ነገሩ ተበላሸ። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ጠብታ ይጠፋና የግመሉ አጥንት ይቆጠራል፣ እና ከዚያ በአንድ ሳምንት የሦስት ዓመቱን ውሃ ጠቅልሎ ያመጣዋል፤ ልክ በጀቱን ሰኔ ላይ እንደሚጨርስ መሥሪያ ቤት።

እኔ ሱቄን እዚህ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከመክፈቴ በፊት ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የቱ ነው አትበሉኝ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ፣ የመኪና ስምሪት የምጽፈው እኔ። ስምሪት ታውቂያለሽ? መኪናው የት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ የሚጻፍበት ወረቀት ነው። ኃላፊው ካልፈረመበት መኪና ከግቢ አይወጣም። የኃላፊው ቤት ቢቃጠል እንኳ አይወጣም።

ታዲያ ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ስብሰባ መጣ። የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት። ባነሩ ላይ በትልቁ «የአየር ንብረት ለውጥ መንስኤዎችና ውጤቶች» ተብሎ ተጽፏል። ከአዲስ አበባ አንድ ዶክተር መጡ፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ የተማሩ፣ ኮት የለበሱ። ሰመራ ላይ ኮት! ከየወረዳው ሠራተኛ ተጠራ፣ እና ከአፋሩ ደግሞ «የማኅበረሰብ ተወካይ» ተብሎ አንድ ሽማግሌ ተጠራ፤ ሁመድ ይባላል፣ ከዱብቲ በታች ወንዙ ዳር የሚኖር፣ እኔ አያ ሁመድ የምለው የረጅም ጊዜ ወዳጄ።

በመጀመሪያው ቀን ዶክተሩ መንስኤውን ጀመሩ። ፋብሪካ አሉ፣ የመኪና ጭስ አሉ፣ የደን ጭፍጨፋ አሉ። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ሸፈናት፣ ሙቀቱ መውጫ አጣ፣ ዝናቡም መንገድ ሳተ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔ አልካድኩም። ከዚያ «የእንስሳት ግሳትም አለበት» አሉ። ይኼኔ አያ ሁመድ እጁን አወጣ።

«የማን እንስሳት?»

«የሁሉም፣ አባቴ። ከብት፣ በግ፣ ፍየል…»

«የእኔም ፍየል?»

«በትንሹም ቢሆን፣ አዎ።»

አያ ሁመድ በትሩን ካንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረና፣ «የእኔን ፍየሎች ድርቁ ፈጃቸው» አለ። «የቀሩት ግሳት ይቅርና ምራቅ የላቸውም። እስቲ ዶክተር፣ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ቆመው የሚያገሱት እነዚያ ነጫጮቹ የማን ናቸው?»

ነጫጮቹ ያለው መኪኖቹን ነው። አዳራሹ ደጅ አሥራ ሁለት ላንድክሩዘር ተደርድሯል፣ አንዱም ሞተሩን አላጠፋም፣ ምክንያቱም ሾፌሮቹ ውስጥ ተኝተዋል፣ ማቀዝቀዣው ከቆመ ይቀቀላሉ። አዳራሹ ሳቀ፣ ዶክተሩም ሳቁ፣ ኃላፊዬ «ግሩም አስተያየት ነው፣ ይመዝገብ» አሉ፣ እኔም መዘገብኩ። ሞተሮቹ ግን አልጠፉም። መመዝገብና ማጥፋት የተለያዩ የሥራ ሂደቶች ናቸው።

በሁለተኛው ቀን አያ ሁመድ ቀረ። ስብሰባው ተጀመረ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ የለም። ወጣ ስል በግቢው በር ሲገባ አየሁት፤ ይሮጣል ማለት ይቻላል፣ እና ሽርጡ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሰማዩ ላይ የደመና ዘር የለም፣ ሰመራ አቧራ ናት፣ ሰውየው ጭቃ ነው!

አሁን ይህን ልብ በሉ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዳጉ ሳይባባል አይለያይም። «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ይጠያየቃል። ያየውን አየሁ ይላል፣ የሰማውን ከማን እንደሰማ ይናገራል፣ አይቀንስም አይጨምርም። ዳጉ ላይ የዋሸ ከሰው አይቆጠርም። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ወሬ እናውቃለን፣ ወላሂ ግን ከሬዲዮም ከስልክም ዳጉን አምናለሁ። እና እንደ ደንቡ ጠየቅኩት።

«አያ ሁመድ፣ ምን ሰማህ?»

«ከሚሌ በኩል የመጣ ግመለኛ ውሃ ይመጣል አለኝ።»

«ምን አየህ?»

«ሄጄ ራሴ አየሁ። ወንዙ ካደረበት ጨምሯል። ቀለሙ ቀይ ነው፣ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል። ዋናው ገና ከኋላ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እሱም ይደርሳል።»

«ቤተሰብህስ?»

«እዚያው ናቸው፣ በወንዙና በአሮጌው ቦይ መሃል። ወጣቶቹ ግመል ይዘው ርቀዋል። እናቴ ዓይኗ አያይም፣ እግሯም አይሄድም። ልጄ ከወለደች አራተኛ ቀኗ ነው። ሌሎችም ሴቶችና ሕፃናት አሉ። ቦዩ ከሞላ መውጫ የላቸውም። የመጣሁበት ሚኒባስ እዚያ አይገባም። መኪና ስጠኝ፣ ሰይድ።»

ይዤው አዳራሽ ገባሁ። አያ ሁመድ አልተቀመጠም። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ውሃ እየመጣ ነው» አለ።

ኃላፊዬ መድረኩ ላይ ናቸው። መጥፎ ሰው አልነበሩም፣ አላህን እፈራለሁ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። በፈገግታ፣ «አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ አረፍ ይበሉ» አሉት። «አሁን ያለነው መንስኤ ላይ ነው፤ ትናንት አላለቀልንም። ጎርፍ ደግሞ ውጤት ነው። ውጤቱ ከምሳ በኋላ ነው።»

አትሳቂ ዘሃራ፣ ቃል በቃል ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ውሃው ከምሳ በፊት ነው» አለ አያ ሁመድ።

ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ደስ ብሏቸዋል፤ «እንዴት ያለ ነገር ነው! ይህ እኮ ባህላዊ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነው!» አሉና ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱት። ከነጭቃው።

«እኔ መኪና ነው የምፈልገው።»

«የመኪና ጉዳይ በአጀንዳው የለም» አሉ ኃላፊዬ። «ሰይድ፣ ልዩ ልዩ ውስጥ ያዘው።»

ልዩ ልዩን ታውቁታላችሁ፤ የስብሰባው ጭራ ነው፣ ሰው ቦርሳውን እያነሳ ሳለ የሚነበበው። እና እኔ ያዝኩት። «አንድ ተሳታፊ ስለ ውሃ ሐሳብ አቅርበዋል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ቀና ስል አያ ሁመድ ያየኛል። ዳጉ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው በዳጉ ከዋሸው አይሻልም፣ ይህን ደግሞ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነበር።

ጎንበስ ብዬ ወደ መድረኩ ሄድኩና በጆሯቸው፣ «ጌታዬ፣ ሁለት መኪና ብቻ ይፍቀዱልኝ» አልኩ።

«በየትኛው ዕቅድ? ጎርፍ እኮ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፣ ሰይድ። ደብዳቤ ይጻፍላቸው።»

ታዲያ የአላህ ሥራ አይታወቅም፣ መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣው አቃሰተና ቆመ። የሰመራን ሙቀት ለምታውቁ ምን እነግራችኋለሁ፣ ዶክተሩ በአምስት ደቂቃ ኮታቸውን አወለቁ፣ በአሥር ደቂቃ ክራቫታቸውን። ጠረጴዛው ላይ ያለው የታሸገ ውሃ አለቀ፣ መጋዘን የነበረው ትናንት አልቋል። ኃላፊዬ በአጀንዳው ወረቀት እያራገቡ ከመድረክ ጮኹ።

«ሰይድ! ውሃ! በአስቸኳይ! ሰው ሊሞት ነው!»

ሰው ሊሞት ነው። በዚህስ ተስማማን።

የስምሪት ደብተሬን አወጣሁ። የጉዞው ምክንያት፣ «ውሃ»። መድረሻ፣ «ዱብቲና አካባቢው»። የመኪና ብዛት፣ አራት። አቀረብኩላቸው፣ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ፣ አላነበቡም። ያቺን ፊርማ በደብዳቤ ብንጠይቅ እስከ መስከረም አትደርስም ነበር።

ደጅ ወጥቼ የመጀመሪያውን መኪና መስኮት ቆረቆርኩ። ተስፋዬ የሚባል የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር ሾፌሩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ለውሃ አራት መኪና? በማርያም፣ ገላቸውን ሊታጠቡ ነው እንዴ?»

«ፊርማው አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«አያ ሁመድ መንገዱን ያሳይሃል። ንዳ!»

እኔም ቃለ ጉባኤውን ወንበሬ ላይ ትቼ ገባሁ። ስንደርስ ቦዩ ጉልበት ደርሷል፣ ከማዶ ሴቶቹ ሕፃናቱን አቅፈው ቆመዋል፣ ወንዙ ከኋላቸው እንደ ጫነ መኪና ያጓራል። ሾፌሮቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ሁለት ጊዜ ተመላልሰን አራስዋን፣ ሕፃናቱን፣ ግልገሎቹን አሻገርን። በመጨረሻ ተስፋዬ የአያ ሁመድን እናት በጀርባው አዝሎ ሲሻገር ውሃው ወገቡ ጋ ደርሶ ነበር፣ እና አሮጊቷ ጆሮው ላይ በአፋርኛ ትጠይቀዋለች።

«ምንድን ነው የሚሉኝ?» ብሎ ጮኸ ተስፋዬ።

«ምን አየህ ነው የምትልህ» አለው አያ ሁመድ።

«ኧረ እማማ! ውሃ ነዋ! ሌላ ምን አያለሁ!»

አያ ሁመድ ተረጎመላት። እሷም፣ «ይህንንማ ከሱ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ አዲስ ነገር ካለው ይንገረኝ» አለች።

ሰው አንድም አልቀረም። ፍየሉ ግን ግማሹ ሄደ፣ ጎጆዎቹም ሄዱ። አያ ሁመድ ፍየሎቹ ሲወሰዱ ቆሞ አየና ፊቱን አዞረ። እኔ ያን ፊት ረስቼው አላውቅም፣ እና ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወጥተን ቢሆን ፍየሎቹም ይወጡ ነበር፣ ይህን እወቂ።

እነዚህን ሁሉ የት እናሳርፍ? ጥላ ያለው የት ነው? አዳራሹ። ሰመራ ተመለስን። ምሳ ተበልቷል፣ ዶክተሩ በሸሚዝ ቆመው፣ «እንግዲህ ወደ ውጤቶቹ ስንመጣ…» እያሉ ሳለ በሩ ተከፈተ። ሴቶቹ ውሃ እያንጠባጠቡ ገቡ፣ አራስዋ ሕፃኑን ይዛ ገባች፣ ግልገል ተከትሏት ገባ፣ ተስፋዬ አሮጊቷን እንዳዘለ ገባ። ዶክተሩ ኮታቸውን አንሥተው ሕፃኑን አለበሱት፣ ይህንን ልመሰክርላቸው ይገባል። ኃላፊዬ ሁሉንም አዩ፣ አዩ፣ አዩና ወደኔ ዞሩ።

«ሰይድ፣ ውሃውስ?»

በሳምንቱ ሁለት ወረቀት ወጣ። አንደኛው የዐውደ ጥናቱ ሪፖርት ነው፣ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቅቋል» ይላል፣ ሽፋኑ ላይ አያ ሁመድ ከነጭቃው አለ። ሁለተኛው የእኔ ነው። የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ጡረታዬ አፋፍ ላይ! «ውሃ ለማምጣት የተሰማሩ አራት ተሽከርካሪዎች ውሃ ሳያመጡ ሰው ጭነው የተመለሱ በመሆኑ» ይላል። አሁንም እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ከብስኩቱ ሥር። ያኔ ለአያ ሁመድ አነበብኩለት። በጥሞና ሰማኝ፣ ዳጉ እንደሚሰማ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ዋሽተዋል» አለ። «ውሃም አምጥተናል። የመኪኖቹን ወንበሮች ይጭመቋቸው።»

ታዲያ ዘሃራ፣ ጭሱ ከሩቅ አገር መጣ፣ እሺ፣ እሱን እኔና አንቺ አንመልሰውም። ያን ቀን ፍየሎቹን የወሰዳቸው ግን ልዩ ልዩ ነው፣ እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አያ ሁመድ ደግሞ ዛሬም በሕይወት አለ፣ አርጅቷል፣ አሁንም ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። በርሽ ላይ ቆሞ ስታዪው ከወንበርሽ ተነሺና መጀመሪያ «ምን አየህ?» በይው። ነገውኑ በይው፣ ሰማሽ?

«ነገ እንኳ አላገኘውም፣ አባባ» አለች ዘሃራ። «የመጀመሪያው ሳምንት ሥልጠና ነው፣ አዳራሽ ነው የምንውለው።»

የምን ሥልጠና?

«ስለ መንስኤዎች።»

ውጤቱስ?

ዘሃራ ሻርፏን አፏ ላይ ያዘች፣ ግን ሳቁ አመለጣት። «በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ አባባ።»