ሰባት ዓመት በጀላል ቀናሁ

የተከበራችሁ ሸሆች፣ ከቢስቲማ የመጣችሁ ዘመዶች፣ የሆጤ ጎረቤቶች፣ የጀላል አባት አባባ እንድሪስ፣ ባለቤቱ እህቴ ራቢያ፤ አላህ ያጽናችሁ። አግማስ እባላለሁ። ኮምቦልቻ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከጀላል ጋር ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ወዳጅነታችን ተናገር አላችሁኝ። እውነቱን ልናገር። እቀናበት ነበር።

ሥራችን ምን ነበር? ከብረት ማቅለጫ ምድጃ ወጥቶ በከንቱ የሚበተነውን ሙቀት ኤሌክትሪክ ማድረግ። የማዕድን ዱቄት እንቀላቅላለን፣ በመጭመቂያ እናጠብቃለን፣ ምድጃ ውስጥ እንተኩሳለን። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ትወጣለች። አንድ ጎኗ ሲግል፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፤ ካልተሰነጠቀች። የእኔ ስድስት መቶ ዲግሪ ላይ ትሰነጠቃለች። ሁሌም። የእሱ ስምንት መቶ ደርሳ ደህና ወጣች።

ያን ቀን በነበራችሁ! ትንሿ አምፖል ቦግ ስትል ሰው ሁሉ እየተሻማ አቀፈው። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ። እጄ ግን ንጹሕ ነበር።

አባባ እንድሪስ፣ አምና እርስዎን ሊያስታምም ቢስቲማ የሄደ ጊዜ፣ ቁራጯን ከመሳቢያው አወጣኋት። ሌላ አልነበረችውም። ምድጃ ውስጥ ከትቼ ዘጠኝ መቶ ዲግሪ አደረስኳት። ለምን? እንድትሰነጠቅ። ቆሜ ጠበቅኩ። ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ። አልተሰነጠቀችም።

ሲመለስ የምድጃውን መዝገብ አየ።

«አግማስ፣ ዘጠኝ መቶ አስገብተሃታል?»

ቁራጯን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«ልትሰብራት ነው?»

«አዎ።»

ቁራጯን አንስቶ አገላብጦ አየ። ከዚያ፣ «ወላሂ፣ እኔ እኮ እንዳትሰነጠቅ ፈርቼ ነው ዘጠኝ መቶ ያልሞከርኳት። በል ቁጥሮቹን አምጣ» አለኝ። ሪፖርቱ ላይ ስሜን ከስሙ ጎን ጻፈው።

ራቢያ፣ ነግሮሽ ነበር? አየሽ፣ ለአንቺም አልነገረሽም።

ቅናቴ ያኔ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ባሰበት። በእጁ ሥራ ስቀና የኖርኩት ሰው በልቡ መቅናት ጀመርኩ። እንደሱ መሆን አቃተኝ። ይቅርታ መጠየቅ እንኳ አቃተኝ። ነገ፣ ነገ ስል፣ የሦስት ቀን ሕመም ወሰደው።

ጀላል፣ ቅድም መቃብርህ ላይ ሸሆቹ «አውፍ በሉት፣ ያስቀየማችሁን ይቅር በሉት» አሉን። ሁሉም አውፍ አለህ። እኔ አፌን መክፈት አፈርኩ። እኔ አንተን አውፍ የምለው በምንህ ነው? ሂድ ወንድሜ፤ አላህ በሰፊው ይቀበልህ። ከቻልክ አንተ እኔን አውፍ በለኝ።